ለድኩላ የሚሆን ጠመንጃ

ስለ ጠመንጃ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። እኔ አናጢ ነኝ። መንዝ፣ ሞላሌ ውስጥ በርና አልጋ እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎ የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፍ እጠግናለሁ። እንጨቱን መጠገኔ ስለ ብረቱም አዋቂ አስባለኝ። አልዋሻችሁም፣ መባሉን ወድጄው ነበር።

አጎቴ ጋሼ ወንድይራድም ለድኩላ የሚሆን ቀለል ያለ ጠመንጃ የቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። ለጨዋታ አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ታመው ከተኙ ቆይተዋል፤ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ተወልደው ያደጉት ቆላ መርሐቤቴ ነው፤ መንዝ የመጡት ተድረው ነው። አንድ ቀን ድንገት፣ በልጅነቴ አባቴ ያመጣልኝ የነበረው የድኩላ ሥጋ አማረኝ አሉ። ስንት ወር ሙሉ ምንም አምሯቸው አያውቅም። ቤቱ በደስታ ተተራመሰ። የአደን ፈቃዱን ወረቀት ለማግኘት የተመላለስነው ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። ብቻ ተገኘ።

ቀጥሎ የጠመንጃው ነገር መጣ። የጋሼ ምንሽር ከባድ ነው፤ ትከሻቸው አልችል ብሏል። ግን ያስጨነቀን ክብደቱ ብቻ አልነበረም። የአዳኝ ስጋት ምንድን ነው ትላላችሁ? መሳት? የእኛ ስጋት መግደል ነበር። ድኩላው ቢላዋ ሳይደርስለት በጥይት ከሞተ በክት ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ ታመው እንኳ ረቡዕና ዓርብን ያልሻሩ ሴት ናቸው። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አፋቸው አያደርሱም። ስለዚህ የሚጥል፣ ግን የማይገድል ጠመንጃ ሊገኝ ነው።

ይሄኔ አዋቂው ሰውዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ያለ አንድ ወዳጄ ዘንድ ጥይቷ ከትንሽ ጣት የምትቀጥን ቀላል ጠመንጃ አለች አልኩ።

«ድኩላውን አቁስላ ታስቀምጠዋለች፤ እርስዎ ደርሰው ይባርኩታል።»

ጋሼ፣ «አይሰቃይም ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ስንት ደቂቃ ቢሆን ነው?» አልኩ።

የፍስክ ሰሞን ነበር። ከዓለም ከተማ በታች ካለው ገደል አፋፍ ላይ ጋሼ በማለዳ ተኮሱ። ጠመንጃዋ ትከሻቸውን እንኳ አልነቀነቀችም። ድኩላው ዘለለና ወደ ገደሉ ወረደ። እኛም ደሙን እያየን ተከተልነው። እዚህ አንድ ጠብታ፣ እዚያ አንድ ጠብታ። ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች፣ አለፈችም። ያገኘነው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይተነፍሳል። ሊነሳ አልሞከረም። ዝም ብሎ አየን። ጋሼ በስመ አብ ብለው አረዱት፤ ቢላዋውን ጠርገው ዘወር አሉ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የመረጥኳት ጠመንጃ የተባለችውን አድርጋለች።

በማግስቱ ጥብሱ አልጋቸው ድረስ ቀረበ። እትዬ አስካለ ሲሸታቸው ፈገግ አሉ፤ ቁራጭም አነሱ። የአዳኝ ልጅ ናቸውና እንዴት እንደወደቀ ጠየቁ። ጋሼ ለሚስታቸው መዋሸት አያውቁበትም። ጠዋት ተመትቶ ከቀትር በኋላ እንደታረደ ነገሯቸው።

እትዬ ቁራጩን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ይህን ሁሉ ሰዓት ተኝቶ ሲጠብቃችሁ ነበር?» አሉ።

እሳቸው ከዚያ አልጋ ሳይወርዱ ክረምትና በጋ አልፏል። ስለ ራሳቸውም እንደተናገሩ የገባኝ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው። እኔ ሞኙ፣ በሥርዓቱ ነው የታረደው፣ በክት አይደለም ብዬ አስረዳኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«በአንድ ጥይት ብትገላግሉት ኖሮ፣ በክትም ቢሆን እበላው ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጠመንጃ የሚጠይቀኝን ሁሉ፣ እኔ የማውቀው እንጨቱን ነው እለዋለሁ።