መቶ በመቶ የሚመስለው ጂን

የምርምር ተቋማችን ታላቅነት በዝርዝር ይጻፍ ቢባል ወረቀት አይበቃም፤ ስለዚህ እስካሁን አልተጻፈም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን የጂን ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባትን ታሪክ ለትውልድ ሳላስተላልፍ ብቀር ኅሊናዬ ዕረፍት አይሰጠኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተቋማችን የሚያጠናት አንዲት ባክቴሪያ አለች። ላይሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሷ መሥራት ስለማትችል ከውጭ አስገብታ ትበላለች። ለማስገባት ደግሞ እንደ በረኛ የሚያገለግል ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ከሦስት ሺህ ጂኖቿ (ዘረ መሎቿ) መካከል ይህን በረኛ የሚሠራውን ጂን መለየት የተቋማችን ዓቢይ ተልዕኮ ነው። አሠራሩም የታወቀ ነው፦ የእኛ ፕሮቲን የተሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ዓለም አቀፉ የፕሮቲን መዝገብ ውስጥ ካሉት ጋር በኮምፒውተር ማነጻጸር። ሥራው የታወቀ ፕሮቲን የሚመስል ከተገኘ የሁለቱ ሥራ አንድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል፤ ቀጥሎ ግምቱ በላብራቶሪ ይፈተናል። ይህን «ቀጥሎ» የሚባለውን ነገር ተቋማችን በአስተዋይነቱ ትቶታል።

አንድ ማክሰኞ የኮምፒውተር ባለሙያችን እየሮጠ ስብሰባ ገባ።

«ጌታዬ፣ ተገኘ! አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይሲን አስገቢ ነው!»

«ስንት በመቶ ይመስላል?» አሉ ዋና ኃላፊያችን።

«መቶ በመቶ!»

«ከዚያ በላይስ?»

«ከዚያ በላይ የለም ጌታዬ።»

«ለጊዜው ይበቃል» ብለው ተነሡ። እኛም ተነሣን። ተጨበጨበ።

ዋና ኃላፊያችን ወዲያው ባደረጉት ታሪካዊ ንግግር፣ ግኝቱ የአመራሩን ቁርጠኝነት፣ የቅንጅታዊ አሠራሩን ውጤታማነትና የወንበሮቻችንን ምቾት በገሃድ ያረጋገጠ መሆኑን ገለጹ። መቶ በመቶ የታወቀን ነገር መሞከር ጥርጣሬ መዝራት ስለሆነም፣ ላብራቶሪው ተዘግቶ የግኝቱ መታሰቢያ አዳራሽ እንዲሆን፣ የላብራቶሪ ሠራተኛዋም የሥራ መደብ እንዲታጠፍ ሐሳብ አቀረቡ።

ይህች ሠራተኛ «እስቲ እንሞክረው» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት፣ ከዚህ በቀር ምንም ነውር የሌለባት ሴት ናት። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች፣ ላብራቶሪ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች እሷን ተስፋ አድርገው ይኖራሉ። የመደቧን መታጠፍ ስትሰማ እጇን አወጣች።

«መቶ በመቶ የመሰለው ምንን ነው?»

«መዝገቡ ውስጥ ያለውን ነዋ!» አለ ባለሙያው።

«መዝገቡ ውስጥ ማን አስገባው?»

ባለሙያው ኮምፒውተሩን ነካካ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኛ።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት። ‹ላይሲን አስገቢ ሊሆን ይችላል ብለን እንገምታለን› ብለን።»

«ታዲያ ጂኑ የመሰለው ራሱን ነው እኮ!»

ዋና ኃላፊያችን ግን እንዲህ ባለ ጊዜ የሚርበተበቱ ሰው አይደሉም።

«ይኸው!» አሉ። «ከሁለት ዓመት በፊት ያልነውን ዛሬም አልን። የአቋም ጽናት ማለት ይህ ነው። ጻፍ!»

ጻፍኩ።

ሠራተኛዋ ደግሞ አርፋ የምትቀመጥ አይደለችም። ጂኑን ከባክቴሪያዋ ቆርጣ አወጣችና ላይሲን ያለበት ምግብ አቀረበችላት። በረኛው እሱ ከሆነ ላይሲኑ መግቢያ ያጣል፣ ባክቴሪያዋም በረሃብ ትሞታለች። በሳምንቱ ባክቴሪያዋን ያራባችበትን ሳህን ይዛ ስብሰባ ገባች። ባክቴሪያዋ በልታ፣ ጠግባ፣ ተዋልዳ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች።

«ይኸው፣ ምንም አልሆነች። ወይ በረኛው እሱ አይደለም፣ ወይ ሌላ በር አላት።»

ዋና ኃላፊያችን ሳህኑን ከሩቅ አዩት። «ይህች ባክቴሪያ የስብሰባችንን ውሳኔ ታውቃለች?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ባክቴሪያ እኮ ናት!»

«በጽሑፍ ደርሷታል ወይ ነው የምልሽ።»

«አልደረሳትም።»

«በቃ! ሳይደርሳት ነው የበላችው፤ አይቆጠርም።»

የቀረው መደቧን ማጠፍ ብቻ ሆነ። ለዚህ የበላይ ቦርዱ ይሁንታ ያስፈልጋል። ዋና ኃላፊያችን በጻፉት የአሥራ አራት ገጽ ደብዳቤ፣ በዚሁ ቦርድ ሥር ከወንዙ ማዶ ያለው እህት ተቋም ላብራቶሪ የሚባል ነገር ሳይኖረው አምሮበት እንደሚኖር አስረዱ። ለማስረጃም ሁለቱን ተቋማት በስብሰባ ብዛት፣ በማኅተም ቅርጽ፣ በመጋረጃ ቀለም ሳይቀር አነጻጸሩ። ላብራቶሪው ሲቀነስ መቶ በመቶ እንመሳሰላለን። «በመሆኑም» ሲሉ ደመደሙ፣ «ሥራችንም አንድ ነው።»

የመታሰቢያ አዳራሹ ሪባን ሊቆረጥ፣ መቀሱም በትሪ ቀርቦ ሳለ የቦርዱ መልስ ደረሰ። ሠራተኛዋ የግል ዕቃዋን በካርቶን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ደብዳቤውን እንዳነብ ታዘዝኩ።

«‹ያቀረባችሁት ማስረጃ አሳማኝ ነው። ሁለቱ ተቋማት መቶ በመቶ ከተመሳሰሉና ሥራቸውም አንድ ከሆነ፣ ሁለቱንም ማቆየት ስለማያስፈልግ የእናንተው ተዘግቷል። እዚያ አምሳያ ያልተገኘላቸው ላብራቶሪውና ሠራተኛዋ ብቻ በመሆናቸው ከሰኞ ጀምሮ ወደዚያ ይዛወራሉ።›»

«እኔስ?» አሉ ዋና ኃላፊያችን።

«‹ዋና ኃላፊውን በተመለከተ፣ መቶ በመቶ የሚመስሏቸው ኃላፊ እዚያም ስላሉ…›»

«ምን ማለት ነው!» ብለው ጮኹ፣ መቀሱን እንደያዙ። «መምሰል ብቻውን ማስረጃ ይሆናል እንዴ? ሥራዬን መጥተው ሳያዩ? እስቲ እኔን ለጥቂት ጊዜ ከዚህ ያውጡኝና ሥራው ይቆም እንደሆነ ለምን አይፈትኑም!»

የመለሰችላቸው እሷ ናት፣ ያውም በትሕትና።

«የዛሬ ሦስት ዓመት ለሥልጠና ብለው ሁለት ወር ሄደው ነበር እኮ ጌታዬ። የባክቴሪያዋን ጂኖች በሙሉ አንብበን የጨረስነው ያኔ ነው።»