ቆርኪ ላይ የቆመው ሙሽራ

ስሙኝማ፤ ሙሽራ በእጅ አይያዝም። መቱ ውስጥ ይህን ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። የምለው ስለ እውነተኛው ሙሽራ አይደለም፤ እሱንማ ሚዜዎቹ ይያዙት። እኔ የማወራው ኬክ ላይ ስለሚቆመው፣ ከጣት ስለማይበልጠው ሙሽራ ነው።

ሥራዬ እሱን መቀባት ነው። አትሳቁ! ድሮ የሱቅ ታፔላ እጽፍ ነበር፤ ማተሚያ ማሽን መጣና እንጀራዬን ነጠቀኝ። አንድ ቀን ኬክ ቤት ያላት ጎረቤታችን ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸውን የፕላስቲክ ሙሽሮች አሳየችኝ። ሁሉም ፈረንጆች! ጸጉራቸው ቢጫ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ። እዚህ ዳሪሙ ያለ ገበሬ ልጁን ሲድር ኬኩ ላይ ፈረንጅ ምን ይሠራል? ወዲህ በያቸው አልኳት። ጸጉሩን አጠቆርኩ፣ መልኩን አጠየምኩ፣ ሙሽራው መነጽር ያደርጋል ስትለኝ መነጽር ሣልኩለት። ከዚያ ወዲህ ከመቱ እስከ ኡካ እጄ ያልነካው ሙሽራ ኬክ ላይ አይወጣም ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ችግሩ መያዣው ነበር። የመጀመሪያውን በሁለት ጣቴ ይዤ ስቀባ አሻራዬ ሱፉ ላይ ታትሞ ቀረ። ባለቤቴ ወይኒቱ አየችውና መታወቂያ ልታወጣለት ነው ወይ አለችኝ። ሁለተኛውን ከሥሩ በመርፌ ወጋሁት፤ ሲሽከረከር ዋለ። ሦስተኛውን በማስቲካ ጠረጴዛ ላይ ለጠፍኩት። ፊቱን ቀባሁ። ጀርባው ሲቀር ግን እኔው ራሴ ጠረጴዛውን ስዞር አመሸሁ።

መላ ያገኘሁት በሰም ነው። እኛ አገር ማር አይጠፋ፣ ሰሙም አይጠፋ። የጠርሙስ ቆርኪ በሚስማር የበቆሎ ቆረቆንዳ ጫፍ ላይ እመታለሁ። ሰሙን በአውራ ጣቴ አሽቼ ሲለሰልስልኝ ቆርኪው ላይ፣ ሙሽራውን ሰሙ ላይ። ከዚያ ቆረቆንዳውን ጨብጦ ማዞር ነው፤ ሙሽራው ይዞራል፣ እኔ አርፌ እቀመጣለሁ። ቀለሙ ሲደርቅ በእግሩና በሰሙ መካከል ቀጭን ክር አሳልፋለሁ፤ ላጥ ብሎ ይነሳል። የቀረችውን ሰም ጠርጌ የጫማውን ሶል እቀባለሁ። ሶሉን ማን ያየዋል? ማንም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሥራዬን ያየ ሰው መያዣ እንደነበረው እንኳ አይጠረጥርም፤ ኩራቴም ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ቢፍቱ የምትባል ነርስ መጣች። ቁመቷ የቤቴ በር ላይ ጎንበስ አሰኝቷታል። እጮኛዋ ተሾመ ኡካ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ትከሻዋ ጋ ይደርሳል።

"ጋሼ መኮንን፣ ዱጋ ነው የምፈልገው" አለችኝ፤ እውነቱን ማለቷ ነው። "እስከዛሬ የተነሳነው ፎቶ ሁሉ እኔ ተቀምጬ፣ እሱ ቆሞ ነው። ፎቶ አንሺው ገና ሲያየን ወንበር ፍለጋ ይሮጣል። ለሠርጌ ቀን እንኳ አጠገቡ ቆሜ ልታይ።"

አንጀቴን በላችው። ሙሽሪትን ከትልቁ ዓይነት፣ ሙሽራውን ከትንሹ ዓይነት መርጬ ሁለት ቀን ለፋሁባቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት የለም።

ሙሽሪትን ነቅዬ፣ ተሾመን ከቆርኪው ልነቅል ክር ሳዘጋጅ እትዬ አስካለ ገቡ። ተሾመን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ሁለቱን አዩ፤ ቆርኪና ቆረቆንዳ ላይ የቆመው ተሾመ ከቢፍቱ በልጧል። ፊታቸው በራ። ቆረቆንዳው ይቅር፣ ቆርኪው ግን ከሥሩ ይሁንለት፣ ክሬሙ ይሸፍነዋል አሉኝ። እኔ ደግሞ ለሥራዬ ስስ ነኝ። "እትዬ አስካለ፣ ቤት የቀባ ሰው መወጣጫውን ግድግዳው ላይ ትቶ ይሄዳል?" አልኩና ፊታቸው ላይ ክሩን ሳብኩት።

"ያለ እናት ያሳደግኩት ልጅ ነው። ሰው ሲስቅበት እንዴት ልይ?" አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለካ ሲወጡ ከጠረጴዛዬ አንድ አሮጌ ቆርኪ ይዘው ኖሯል። እኔ ምን አውቄ!

የሠርጉ ቀን ኮቴን ለብሼ ከወይኒቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሁለቱም ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከለስላሳ በቀር ምንም የለም። ኬኩ ገባ። አየሁት፤ ሙሽራው ከሙሽሪት እኩል ሆኖ ቆሟል!

ቢፍቱ ኬኩን አየች፤ ቀጥላም እኔን። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ተነስቼ እኔ አይደለሁም ብዬ ልጮህ ስል ተሾመ እጁን ዘርግቶ ኬኩ ላይ የቆመውን ራሱን ነቀለው። አብሮ ክሬም የተቀባ ቆርኪ ወጣ። የቢራ ቆርኪ! መሃሉ ላይ የሚስማር ቀዳዳ አለው።

"ጋሼ፣ ይህች የእርስዎ ናት?" አለ።

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቆርኪዋን አዩ፣ እኔን አዩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው አቀርቅረዋል። አንዲት ቃል ብናገር ስሜ ይተርፋል፤ እሳቸው ግን በልጃቸው ሠርግ ላይ ያልቅላቸዋል።

"የኔ ናት። ስነቅል ረስቻት ነው" አልኩ።

እኔ! የምረሳ እኔ! ምላሴን ብነክሰው በወደድኩ። ወይኒቱ ብቻ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ፤ ሥራዬን ስለምታውቀው።

ተሾመ ምን አደረገ መሰላችሁ? ትንሹን ተሾመ በመሐረቡ ጠረገና ከቢፍቱ አጠገብ፣ ትከሻዋ ሥር አቆመው። "እኔ እዚህ ጋ ነኝ" ብሎ ሳቀ። ፎቶ አንሺው እንደልማዱ ወንበር ሲያነሳ ቢፍቱ ወንበሩን በእግሯ ገፋችውና ከባሏ ጎን ቀጥ ብላ ቆመች። እልልታው ቀለጠ። ሰው ኬኩን ከቦ ራሳቸው ናቸው፣ ቁርጥ ራሳቸው ይላል። ኮቴ ለደረቴ ጠበበው። አልዋሻችሁም፤ አለቀስኩ።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ አንድ ጣሳ ማር ይዘው መጡ። ይቅርታ ጠየቁ። ልጁ ሳይከፋው ሲስቅ ባየሁ ጊዜ ከራሴ ጋር ተጣላሁ፣ ለካ እኔ ነኝ ያፈርኩበት አሉኝ። ሰው እንዳለ ነው የሚያምረው፣ እውነትን የሚያህል የለም እያሉ እጄን ሳሙት። እኔም ይኸው አንድ ሰው አስተማርኩ ብዬ ተንቀባረርኩ።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የእኔንም ምስል አንድ ይሥሩልኝ፣ ቡፌ ላይ የማስቀምጠው አሉ። ደስ ብሎኝ እርሳስና ወረቀት አወጣሁና ፊታቸውን መንደፍ ጀመርኩ።

እትዬ አስካለ እጄን ያዝ አደረጉ።

"እውነቱን ይሥሩት እንጂ ጋሼ መኮንን" አሉኝ፤ "በተዳርኩበት ዓመት የነበረውን መልኬን።"