የኦይታ ብስክሌት መሪ

(አርባ ምንጭ፣ በደርግ ዘመን። ከሰሜን ተዛውሮ የመጣው ሽበሺ፣ የእሑዱ የብስክሌት ውድድር መዝጋቢ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቷል። የጨንቻው ሸማኔ ኦይታ ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች የገጣጠማትን እየገፋ ይመጣል።)

ኦይታ፦ (ያንጎራጉራል) «የዓባያ ሞገድ ሆይ፣ ልቤን ወስደሽብኝ፣ ና ና ና... ምናምን... መልሽልኝ...»

ሽበሺ፦ ግጥምህም እንደ ብስክሌትህ ግማሹ የለም! ትናንት አልመዘግብም አላልኩህም?

ኦይታ፦ ዛሬ ኮርቻ አላት፣ ጋሼ።

ሽበሺ፦ ጓድ በለኝ!

ኦይታ፦ እሺ፣ ጋሼ ጓድ።

ሽበሺ፦ ጆንያ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀህ ኮርቻ ትለኛለህ? እኔ አሥመራ ውድድር ያየሁ ሰው ነኝ! እዚያ ብስክሌት ሲያልፍ እንደ ክራር ይዘፍናል። ያንተ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

ኦይታ፦ ዘይት ጠፋ። ቅቤ ቀባኋት፣ እንደ ሙሽራ።

ሽበሺ፦ ዝንቡ ለካ ለሰርግ ነው የተጠራው! ፍሬንስ?

ኦይታ፦ (እግሩን አንስቶ) በረባሶዬ። ቁጥር አርባ ሁለት።

ሽበሺ፦ ሂድ፣ አዲስ ገዝተህ ና!

ኦይታ፦ ሽልማቱ እኮ አዲስ ብስክሌት ነው። ቢኖረኝ ምን አስሮጠኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት በብረት የለቀምኳት ለዚች እሑድ ነው፣ ጋሼ ጓድ። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።

ሽበሺ፦ (መሪውን ይዞ እየነቀነቀ) ይኸው! መሪው ራሱ ጠማማ ነው!

ኦይታ፦ (ዙሪያውን ቃኝቶ) ኧረ ቀስ ይበሉ!

ሽበሺ፦ አፈርክ? እንኳን ቀስ ልል፣ በጽሑፍ ነው! (እየጮኸ ይጽፋል) «መሪው ጠማማ ነው። ወደ ግራ ሲሉት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ባስቸኳይ ይውረድ።» ፊርማ! ማኅተም!

ኦይታ፦ ወረቀቷ የት ትሄዳለች?

ሽበሺ፦ ደንቆሮ! በቀጥታ ወደ ክፍለ ሀገሩ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት!

ኦይታ፦ እኔ የአማርኛ ንባብ ብዙ አልችልም። «ብስክሌት» የምትለዋ ቃል የቷ ናት?

ሽበሺ፦ ይቺ... (ጣቱ ወረቀቱ ላይ ይንከራተታል) የለችም።

ኦይታ፦ ታዲያ ጠማማው ማን ነው?

ሽበሺ፦ (ወረቀቱን ቀዳዶ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ በሌላ ወረቀት ላይ ይጽፋል) «የኦይታ ብስክሌት መሪ፦ ቀጥ ያለ፣ የማያወላውል፣ እንከን የለሽ።» ተመዝግበሃል! ጥፋልኝ!

ኦይታ፦ ስለ ፍሬኑስ?

ሽበሺ፦ (አፉ እንደሞላ) መሪውን የሚያቆመው የለም ብዬ ልጻፍልህ? ሂድ!

ኦይታ፦ (ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፎ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ ከጎመን ጋር የተቀቀለ ድብልብል የበቆሎ ኩርኩፋውን ከጨርቅ ፈቶ መብላት ይጀምራል) ወረቀቱ ደረቅ ነው፣ ጋሼ ጓድ። ይምጡ፣ በኩርኩፋ ያወራርዱት።