ፊት ማጥቆር በመንያል ቤተ መንግሥት

[የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ስንት ብርጭቆ ይወጣዋል? ጋሽ ባልቻ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና በሚያስተምሩበት ዘመን ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪ ያስጨንቁበት ነበር። ዛሬ በስተርጅና ራሳቸው ተማሪ ሆነዋል። እንግሊዝኛውን አሳምረው እያወቁ፣ ካይሮ ውስጥ ለስደተኞች በተከፈተ የማታ ትምህርት ቤት ጀማሪ ክፍል ተመዝግበዋል። ምክንያቱን እሳቸው ይናገሩት። ዛሬ ክፍሉ በሙሉ መንያል ቤተ መንግሥትን ሊጎበኝ መጥቷል። እሳቸው በሩ ላይ አብሯቸው ከሚማረው ከወጣቱ ጎረቤታቸው ከናሁሰናይ ጋር በሸሚዝ ይጨቃጨቃሉ።]

ባልቻ፦ ማን ተኩስ አለህ? ሸሚዙን ማን ተኩስ አለህ!

ናሁሰናይ፦ ቤተ መንግሥት ነው ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።

ባልቻ፦ ንጉሡ ቆመው የሚቀበሉህ መስሎህ? ቤቱ ሙዚየም ከሆነ ስንት ዘመኑ! ይልቅ ቲቸር ኢልሃም ዛሬ ከክፍላችን አንድ ሰው እንደምትመርጥ አልሰማህም?

ናሁሰናይ፦ ሰምቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ባልቻ፦ ለአንተ አልተናገረች ይሆናል፤ ለገባው ሰው ተናግራለች። ውጭ አገር የሚላክ ችግረኛ ነው የምትመርጠው። እኔ ካይሮ ላይ በከንቱ አላረጀሁም።

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ሸሚዜ ምን አጠፋ?

ባልቻ፦ ሸሚዙን የተኮሰ ሰው ተስፋ አለው። ተስፋ ያለውን ሰው ደግሞ ማንም አያሻግረውም። እኔ መጀመሪያ የመሻገሪያ ኢንተርቪው የገባሁ ጊዜ ከረባቴን አስሬ፣ በሚያምር እንግሊዝኛ፣ ስለ ሰው ልጅ ነጻነት አስረዳኋቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ።

ናሁሰናይ፦ ከዚያስ?

ባልቻ፦ ከዚያማ «ይህ ሰው የትም ቢጥሉት ይነሳል» ብለው ፋይሌን ዘጉት! ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛዬን ቀብሬዋለሁ። በዕውቀት የተሻገረ የለም፤ በእንባ እንጂ። በል ጨምድደው።

ናሁሰናይ፦ [ሸሚዙን በሁለት እጁ እያሸ] እንዲህ ይበቃል?

ባልቻ፦ ፊትህስ? ፊትህ በዓል ይመስላል። ቀብር የመጣህ ሁን።

ናሁሰናይ፦ የማን ቀብር?

ባልቻ፦ የፈለግኸው ሰው!

ናሁሰናይ፦ ያዕኒ፣ ማለቴ… የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ ሳቅ ይመጣብኛል እኮ፣ ጋሼ።

[አትክልቱ ስፍራ። ቲቸር ኢልሃም፣ ጠይቃ የማትጠግብ ግብፃዊት፣ ከቅርንጫፎቹ ሥሮች እንደ ጢም የተንዠረገጉበት ግዙፍ ዋርካ አጠገብ ቆማ «ይህ ዛፍ ከየት መጣ?» ትላለች። ጋሽ ባልቻ ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ።]

ናሁሰናይ፦ [እጁን አውጥቶ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ] ከገበያ!

ባልቻ፦ [በሹክሹክታ] ዝም በል! ከሕንድ ነው። የቤቱ ባለቤት የነበረው ልዑል ከዓለም ዙሪያ ዛፍ ያስመጣ ነበር።

ናሁሰናይ፦ [ጮክ ብሎ] ከሕንድ! ልዑሉ ከዓለም ዙሪያ ዛፍ ያስመጣ ነበር!

[ቲቸር ኢልሃም ታጨበጭባለች።]

ባልቻ፦ አንተ! ሹክ ያልኩህ እንድትለፍፈው ነው?

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ለምን ነገሩኝ?

ባልቻ፦ «ከገበያ» ሲባል እየሰማሁ እንዴት ልቻል! ሰው ነኝ እኮ!

[ዕውቀት እንደ ማስነጠስ ነው፤ አፍ ቢይዙት በአፍንጫ ይወጣል። ጋሽ ባልቻም ስንት ዓመት የቀበሩት ነገር አፍንጫቸው ላይ ደርሷል።]

ናሁሰናይ፦ ሥሩ ግን ምን ሆኖ ተንጠለጠለ?

ባልቻ፦ ስደተኛ ነዋ። ሌላው ዛፍ መሬት ይዞ ሥር ይሰዳል፤ ይኼ ሥሩን ይዞ መሬት ይፈልጋል።

ናሁሰናይ፦ ቲቸር! ይኼ ዛፍ እንደኛ ስደተኛ ነው! ሥሩን ይዞ መሬት ይፈልጋል!

[ቲቸር ኢልሃም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርጋለች።]

ባልቻ፦ አስለቀስካት! በእኔ ቃል አስለቀስካት!

ናሁሰናይ፦ የሚያሻግረው እንባ ነው አላሉም?

ባልቻ፦ የአንተ እንባ እንጂ የእሷ ነው እንዴ!

[የዙፋኑ አዳራሽ። በወርቅ የተለበጡ ወንበሮች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። ጋሽ ባልቻ ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸው ግን ወንበር ከወንበር ይዘላል።]

ናሁሰናይ፦ ይኼን ሁሉ ወንበር! ልዑሉ የነገሠው የትኛው ላይ ነው?

ባልቻ፦ [ጥርሳቸውን ነክሰው] የትኛውም ላይ አልነገሠም። ወራሽ ተብሎ ኖሮ ሳይነግሥ ቀረ።

ናሁሰናይ፦ ሳይነግሥ የዙፋን ቤት አሠራ? ሞኝ ነበራ!

ባልቻ፦ ምኑ ነው ሞኝ? እሱ ወንበር አላጣም፤ ወንበሩ ነው ሰው ያጣው።

ናሁሰናይ፦ ቲቸር! ልዑሉ ወንበር አላጣም! ወንበሩ ነው ሰው ያጣው!

[ጭብጨባ። ቲቸር ኢልሃም ወደ ጥጉ ዞር ስትል ጋሽ ባልቻ ሳላቸውን ይለቁታል።]

ባልቻ፦ ኡሁ! ኡሁ! ውይ ወገቤን!

ናሁሰናይ፦ ሳል ወገብ ላይ ነው እንዴ የሚይዘው?

ባልቻ፦ ዝም ብለህ እዘን!

[መውጫው በር። ቲቸር ኢልሃም ናሁሰናይን ለብቻው ጠርታ ታነጋግረዋለች። ጋሽ ባልቻ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተጣጥፈው ከሩቅ ያያሉ። የልጁ ትከሻ ሲርገበገብ «አይ፣ ቀረበት፤ ሳቀ» ይላሉ ለራሳቸው። ናሁሰናይ እየሮጠ ይመጣል።]

ባልቻ፦ ማንን መረጠች?

ናሁሰናይ፦ እኔን፣ ጋሼ!

ባልቻ፦ አንተን? በዚህ ፊት? የት ሊልኩህ ነው፣ ካናዳ?

ናሁሰናይ፦ ኧረ የትም! ስትፈልግ የኖረችው አስተማሪ ነው። ለአዲስ መጪ ሐበሾች በቋንቋቸው የሚያስተምር፣ እንዲህ ያለውን ቦታ እያስረዳ የሚያስጎበኝ። ደመወዝ አለው፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መኖሪያም ይሰጣሉ።

ባልቻ፦ አስተማሪ?

ናሁሰናይ፦ እውነቴን ነው የምልዎት፣ «ሁሉንም የነገሩኝ ጋሽ ባልቻ ናቸው፤ እሳቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ» አልኳት።

ባልቻ፦ እሷስ?

ናሁሰናይ፦ «እኚያ አፋቸው የተያዘ ሕመምተኛ? ትሕትናህ ደግሞ!» ብላ ጭራሽ ወደደችኝ። ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ። ግን እርስዎንም አልረሳችዎትም።

ባልቻ፦ [ብድግ ብለው] ምን አለች?

ናሁሰናይ፦ ነገ ሐኪም ቤት እንድወስድዎት አዘዘችኝ። ፊትዎ አሳስቧታል።

[ጋሽ ባልቻ ወገባቸውን ለቀቁት። አንገታቸው ቀና፣ ደረታቸው ሰፋ አለ፤ ሰው ቢያያቸው ሊያስተምሩ ክፍል ሊገቡ ነው የሚመስለው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ዘበኛው «ኸላስ! ኸላስ! አበቃ!» እያለ የቤተ መንግሥቱን በር ይገፋል።]

ባልቻ፦ [በጠራ እንግሊዝኛ] ቲቸር ኢልሃም! እንመለስ! ከቤተ መንግሥቱ አንድ ክፍል ብቻ፤ እርስዎ የፈለጉትን ይምረጡ፣ እኔ ላስረዳ!

[የሞተሩ ጩኸት ቃላቸውን ዋጠው። ቲቸር ኢልሃም በአውቶቡሱ መስኮት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ አዘነችና ለናሁሰናይ ደግፋቸው ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው።]

ባልቻ፦ ኧረ በእናታችሁ! አንዲት ክፍል ላስረዳ!

[በሩ ተቆለፈ።]