በአየር ውስጥ ስለተገኘው አዞ

ኅዳር 14 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፤ ሸዋ ሮቢት፣ ከወንዙ ዳር ሮቃ ዛፍ ሥር።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው ሼህ አብዱልወሃብ፤ ጋሼ ተሰማ (እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ስላልሄዱ ግን ተቆጥረዋል)፤ ባለማሽላዋ እትዬ ሙሚና፤ ጣልያኑ መሐንዲስ፤ አስተርጓሚው አቶ በላይ፤ ጸሐፊ እኔ ዘውዴ። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

አጀንዳ አንድ፦ በእትዬ ሙሚና እርሻ ላይ የመብረቅ መኪና ስለ መትከል።

መሐንዲሱ በአስተርጓሚ እንዳስረዱት፣ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ አዞቶ የሚባል አለ። ሥራ ፈት ነው፤ ከማንም ጋር አይጋባም። መኪናው በመብረቅ ሲመታው ግን ተነሥቶ ይጋባል፤ ከዚያ ለማሽላ የሚሆን ማዳበሪያ ይወጣዋል። ስለዚህ እርሻው እስከ ነገ ይመንጠር አሉ።

እትዬ ሙሚና፣ ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ፣ አዞ አለኝ በሰማይ ግን ወላሂ ዛሬ ነው አሉ። ማሽላን አጥፍቶ ለማሽላ ማዳበሪያ መሥራት ምን ይሉታል ብለው ጠየቁ። ማሽላው የአምስት የቲሞች የዓመት ቀለብ መሆኑን ሲያመለክቱ አለቀሱ። ሰብሳቢው ውሃ ይሰጣቸው ብለው አዘዙ።

አስተርጓሚው "አዞቶ የአየር ዓይነት ነው፤ አዞ አላልኩም" ቢሉም፣ "ቶ" የጣልያንኛ ጅራት መሆኗ ከረጅም ውይይት በኋላ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ አዞው።

ጋሼ ተሰማ ነቅተው፣ ሥራ ፈት ከሆነ እንደ ልጆቻችን ጣርማ በር ሄዶ ለጣልያን መንገድ ድንጋይ ይፍለጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ ተገኘ። ሰብሳቢው ግን፣ በመብረቅ የተመታ አዞ ቢቆጣ በምን እንመልሰዋለን፣ ጠመንጃችን እንደሆነ አምና ተሰብስቦብናል አሉ። ስለዚህ ወይ ጠመንጃችን ይመለስ፣ ወይ አዞው ባለበት ይቆይ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ሼሁ እትዬ ሙሚናን በዓይናቸው ጠቀሱ፤ ጸሐፊው አላየም።

"ጠመንጃ" የምትለዋን ቃል መሐንዲሱ ያለ አስተርጓሚ ተረዱ። መኪናቸውን አስጭነው ወደ ደብረ ሲና ወጡ።

ልዩ ልዩ፦ አቶ በላይ፣ ጠመንጃ ይመለስ የሚል ወረቀት የጣልያን ቢሮ ከደረሰ ሁላችንም ገመድ ይጠብቀናል አሉ። ጋሼ ተሰማ፣ ጉድ ፈላ! አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለ ውይይት ተወሰነ፦ ጠመንጃ አልጠየቅንም፤ አዞ አልነበረም፤ ስብሰባም አልተጠራም፤ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።

ያልተጠራው ስብሰባ በስምንት ሰዓት ተበተነ። ያልተሰበሰብነውም ሁላችን፣ መሐንዲሱ ሳይመለሱ እህሉን ልናስገባላቸው፣ ማጭድ ይዘን ወደ እትዬ ሙሚና ማሽላ ወረድን። ይህ ወረቀት ቢጠየቅ፣ አዞ በላው ይባል።