አዳማ ይሞቃል ወይስ ይበርዳል?

አዳማ ይሞቃል የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቶሎ አትመኑት። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ከአሰላ በኩል የመጣ ከሆነ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ «ኧረ እንዴት ነው ሰው እዚህ የሚኖረው?» ይላችኋል። ከመተሃራ ወይም ከአዋሽ የመጣ ከሆነ ደግሞ «እፎይ፣ አየር አገኘሁ» ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። ከተማዋ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ፀሐይዋም ያችው አንዷ። ታዲያ ማንን ትሰማላችሁ?

የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ የአጎቴ ልጅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በፈጣን መንገዱ ተፈትልኮ ይመጣል፣ ሆቴል ገብቶ መዋኛው ዳር ይጋደማል፣ ከዚያ «እናንተ እኮ ገነት ውስጥ ነው የምትኖሩት! ጡረታ ስወጣ እዚህ ነኝ» ይለኛል። እሑድ አመሻሽ ላይ ገነቱን ለእኛ ትቶ ውልቅ ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ አቧራው ተነስቶ ውሃው ሲጠፋ፣ አንድም ቀን እዚህ ተገኝቶ አያውቅም። ልፈርድበት አይደለም። እኔም አዲስ አበባን የማውቃት በሰርግ በሰርግ ነው፤ ለእኔም ደስ የምትል ከተማ ናት።

እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጥ ነው፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ ማከፋፈያ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቬንትሌተር። ስለዚህ ስለ ሙቀት ያለኝ አስተያየት ከአድልዎ የጸዳ አይደለም። ሚያዝያ ሲገባ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያጨማድድ እኔ በሆዴ ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው! እንግዲህ ባለቤቴ ዘነበች አንድ ቀን ተነስታ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሙቀት የሚባል ቃል እንዳይነሳ» ብላ ስታውጅ ምን ያህል እንደተቸገርኩ እናንተው ገምቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘነበች አባት፣ አቶ ደገፋ፣ ቤኮጂ ነበር የሚኖሩት። ቤኮጂን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአሰላ ወዲያ ሽቅብ ነው፤ እዚያ ጠዋት ፊትን መታጠብ ጀግንነት ይጠይቃል። አማቴ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል። ባለፈው ክረምት ጓሯቸው ውስጥ ጭቃው አንሸራትቷቸው ወድቀው፣ ጎረቤት ደርሶ እስኪያነሳቸው ድረስ ዝናብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይህን የሰማች ዕለት ዘነበች እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ሐኪሙም ወደ ቆላ ቢወርዱ ይሻልዎታል ብሏቸዋል። አባቷን አምጥታ አጠገቧ ማኖር ነበር ጭንቀቷ ሁሉ። እሳቸው ደግሞ «ያ ምድጃ ውስጥ ማን ይገባል?» ይላሉ።

ተለመኑ። ካህን ተላከባቸው፣ የአክስት ልጅ ተላከባቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ እስከ ፋሲካ፣ ለሙከራ» አሉ።

ለሙከራ! አያችሁ፣ ከተማችን ፈተና ልትቀመጥ ነው ማለት ነው። ዘነበችም ፈታኙ እንዳይጥላት ሰፈሩን በሙሉ አስጠነቀቀች። ስለ አቧራ ማማረር ክልክል። በጋዜጣ ማራገብ ክልክል። እኔንማ አታንሱኝ፤ ሱቄ በር ላይ የሰቀልኩትን «ሙቀት ደህና ሰንብት» የሚል ማስታወቂያ እንኳ አስወርዳኛለች።

መጡ። ካፖርት ለብሰው መጡ። አስፋልቱ በሚያብረቀርቅበት ቀትር መናኸሪያ ላይ ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ ያ ወፍራም ካፖርት እስከ አንገታቸው ተቆልፎ ነበር። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከኋላቸው የሚወርዱት ተሳፋሪዎችም ሁሉ ራሰዋል። ለካ ከአሰላ ጀምሮ መስኮት አላስከፈቱም። «ንፋስ ካላስገባን የሚሉ ባለጌዎች ነበሩ፤ ከልክያቸዋለሁ» አሉኝ ኩራት እየተሰማቸው። ካፖርቱን ልቀበልዎት ብላቸው ክፉኛ ተቀየሙኝ። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያለ ካፖርት ይታያል ወይ?

የመጀመሪያውን ጥፋት የፈጸምኩት እኔው ነኝ። እኛ አዳማዎች የከበረ እንግዳ ሲመጣ ቬንትሌተሩ የእሱ ነው። ቤተሰቡ ያልበዋል፣ እንግዳው ይነፍስበታል። እኔ ደግሞ ሻጭም አማችም ነኝና ከሱቄ ትልቁን፣ ባለ እግሩን መርጬ አምጥቼ ራስጌያቸው ተከልኩ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ «ደህና እደሩ» ብዬ ወጣሁ። ደስም ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስገባ ጋቢ ተከናንበው፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ካፖርቱን ደርበው፣ ጆሯቸውን በሻርፕ አስረው ቁጭ ብለዋል። «አካም ቡልታን?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው በትሕትና። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞሩና «ምን በድዬው ነው ባልሽ? ሌሊቱን ሙሉ ንፋስ ሲለቅብኝ አደረ» አሏት። ለካ ለደጋ ሰው ንፋስ ማለት በስንጥቅ ገብቶ ጎን የሚወጋ ጠላት ነው! ዘነበች ያየችኝን አስተያየት አልነግራችሁም። ቬንትሌተሬን አቅፌ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ከዚያ ደግሞ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ማመንጫዎች አዩ። ምንድን ናቸው አሉ። ከነፋስ መብራት ያወጣሉ አልኳቸው። አንጋጠው እያዩዋቸው፣ ታዲያ መብራት ሲበቃ ለምን አያጠፏቸውም፣ ይህን ሁሉ ንፋስ የሚቀሰቅሱት እነሱ አይደሉም ወይ አሉ። ኧረ እነሱ በነፋሱ ነው የሚዞሩት ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «አንተ ቬንትሌተር ሻጭ ነህ፤ ስለነሱ ብትመሰክር አይገርመኝም» ብለው ዘጉኝ።

ዘነበች ተስፋ ቆረጠች። በእርግጥ አሁን ሳስበው ከተማዋን ያዳናት አግዳሚው ነው።

አግዳሚው ምንድን ነው አትሉኝም? መንገዳችን ላይ ጠዋት ጥላው የሚያርፈው በሐጂ ሰይድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በኩል ነው። ከሰዓት ደግሞ በእኔ በኩል። የሰፈሩ ጡረተኞች የሚቀመጡበት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ቀትር አለፍ ሲል ሁሉም ይነሱና አግዳሚውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ቀስ ብለው መንገዱን ያቋርጣሉ። ባጃጅ ይቆማል፣ አይሱዙ ይቆማል። ክላክስ የሚነፋ የለም። እኔ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር።

አማቴ ሱቄ በር ላይ ቆመው ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ሽማግሌዎች አንድ ረጅም ነገር ተሸክመው ዝግ ብለው ሲመጡ፣ መኪናውም ሁሉ ጸጥ ብሎ ቆሞላቸዋል። አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንገታቸውን ደፉ። አግዳሚው ፊታቸው ሲደርስም «ነፍስ ይማር! ማን ነው ያረፈው?» አሉ።

ሐጂ ሰይድ ከሳቃቸው የተነሳ የያዙትን ጫፍ ለቀቁት። የሞተ የለም፣ ጥላው ነው የዞረው ብለው አስረዷቸው። አማቴም አፍረው ሊገቡ ሲሉ፣ ሐጂ ክንዳቸውን ይዘው «ካዘኑልን አይቀር ይቀመጡ እንጂ» አሏቸው። ተቀመጡ። በዚያው ተቀመጡ ማለት ይሻላል።

ሐጂ ሰይድ ወሎዬ ናቸው። በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ከብረዋል። በእሳቸው አስተያየት የአዳማ ችግር ሙቀትም ብርድም ሳይሆን አቧራው ነው፤ አየር ማለት የኮምቦልቻ አየር ነው። ታዲያ ለምን አይመለሱም ስትሏቸው «ንግዱስ?» ይላሉ። በማግስቱ ደግሞ ታምራት ከጅቡቲ መስመር ተመለሰ። ታምራት ጎረቤታችን ነው፣ ተሳቢ ይነዳል። ጭነቱን ሞጆ አራግፎ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ መጣና አግዳሚው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። «ኡፍ፣ ይሄ የአዳማ ብርድ!» አለ።

አማቴ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። «ምን አልክ አንተ ልጅ?»

«ብርዱን ነው ጋሽ ደገፋ። አጥንት ይሰብራል እኮ።»

ከዚያ ጀምሮ ያ መንገድ ሰላም አላየም። እስቲ ሁለቱን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱልኝ። አንዱ በካፖርት፣ አንዱ በጃኬት፣ በዚያ ቀትር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ባለ ካፖርቱ «ይሞቃል» ባለ ጃኬቱ «ይበርዳል» ይባባላሉ። በመሃል ሐጂ በነጠላ ሸሚዝ ሆነው «አቧራው ነው እላለሁ!» ይላሉ። አላፊ አግዳሚው ይቆማል። አንዳንዱም ወገን ይዞ ይገባበታል። አንድ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ቬንትሌተር ሊገዛ መጥቶ፣ ክርክሩን ሲሰማ ቆይቶ «ለካ ይበርዳል» ብሎ ሳይገዛ ሄዶብኛል።

አማቴ ማታ እራት ላይ የቀኑን ክርክር ይነግሩናል። ታምራት እንዲህ ቢለኝ እንዲህ መለስኩለት፣ ነገ ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ ይላሉ። እየተናገሩም ይበላሉ፣ ይደግማሉ። ታምራት መንገድ ሲወጣ ግን ይከፋቸዋል። «ጅቡቲ ስንት ቀን ይፈጃል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ያ ጉልበት ደግሞ ቀስ በቀስ ተፈታ። አንድ ቀን አግዳሚውን ከሚሸከሙት መሃል አየኋቸው። ዘነበች ይህን ስትሰማ «ጉልበትህ ተሻለህ አይደል አባዬ?» አለቻቸው። እሱ በራሱ ጊዜ ነው የዳነው፣ ከተማችሁ ምን አገባት አሏት።

ፋሲካ አለፈ። ሙከራው አለቀ። «እንግዲህ ቤቴም ተዘግቶ ከረመ፤ ነገ እሄዳለሁ» አሉ አማቴ። ዘነበች ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ ባባ። ለዘነበች ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌውን ወድጃቸው ነበር። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ያ ጓሮም እዚያው ነው።

መናኸሪያ ልንሸኛቸው ስንሄድ ሐጂና ታምራትም መጡ። እንግዲህ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲሸኝ አይከራከሩትም። ልቡን ደስ አሰኝተው፣ ቃሉን አጽድቀውለት ነው የሚሰናበቱት። ታምራትም ይህን አስቦ ነው መሰለኝ፣ ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣል አደረገና ዝቅ ብሎ «ጋሽ ደገፋ፣ እንዲያው ስከራከርዎት ነው እንጂ ልክ ነዎት። አዳማ በጣም ይሞቃል» አላቸው።

«እውነቱን ነው ደገፋ» አሉ ሐጂ ቀበል አድርገው። «ሙቀቷስ የሚቻል አይደለም። አልፈርድብህም።»

አማቴ አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ውስጥ አስገብተው ነበር። መልሰው አወረዱት።

«ምን አላችሁ?»

«ይሞቃል፣ ልክ ነዎት ነው ያልነው» አለ ታምራት ግራ ተጋብቶ።

«ትናንት አጥንት ይሰብራል ያልከው አንተ አይደለህም? ምኑ ነው የሚሞቀው? ቀትር ላይ ሞቅ ይላል እንጂ! ጠዋቱስ ነፋሻ አይደለም? ማታስ? ይህን ጉልበት ታዲያ ማን አዳነው?»

ዘነበች ክንዴን ጨመቀችኝ። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። «ፋዘር፣ እንሂድ እንጂ!» አለ። አማቴ አልሰሙትም። ታምራት በድንጋጤ ጃኬቱን መልሶ ለበሰ፣ «ኧረ እሺ፣ ይበርዳል!» አለ። «አይበርድም!» ብለው ጮኹበት። ሐጂ እንደምንም ላስታርቅ ብለው «በዚህስ ሁላችንም እንስማማ፣ አቧራው…» ሲሉ በእሳቸውም ዞሩባቸው። ሹፌሩ ጥቂት ታገሰና ሻንጣቸውን ከላይ አውርዶ እግራቸው ሥር አስቀመጠ። ሚኒባሱም በሩን ዘግቶ ወደ አሰላ ሄደ። አማቴ መኪናው መሄዱን እንኳ ያዩት ብዙ ቆይተው ነው።

በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ዘነበች ፈራ ተባ እያለች «አባዬ፣ እንግዲህ አዳማን ወደድካት ማለት ነው?» አለች።

«ማን ወደዳት?» አሉ። ከዚያ ወደ ውጭ እያዩ ዝግ ብለው ቀጠሉ። «ቤኮጂ ሁሉ ሰው ያከብረኛል። ይበርዳል ስል ‹ልክ ነዎት አባባ› ነው። አይበርድም ስልም ‹ልክ ነዎት አባባ› ነው። እኩዮቼ ካለቁ ወዲህ ‹ተሳስተሃል› የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።»

ዘነበች እጃቸውን ያዘች። እያለቀሰች ነበር፣ ግን ደስ ብሏታል። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የዚህን ሁሉ ጊዜ ሙከራ ውጤት እንዲህ ሲሉ ነገሩን፦

«ከተማችሁ አትረባም። አልጋዬን አስመጡልኝ።»