ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት

አርፍዶ መምጣትን «የሐበሻ ቀጠሮ» ብለን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። ለስንፍናችን የአገር ስም ሰጥተነዋል፤ የቀረን ባንዲራ ማልበስ ብቻ ነው። እናም ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር በየስልካችን ሲገባ፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ቀን ይቆጥራል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ያስታውሳል ሲሉኝ፣ እንግዲህ ተገላገልን አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ።

የእህቴ ልጅ ዳዊት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። አንዲት የአንኮበር ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላኩልኝ አለ። አባቷ ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ያረፈደ መንገደኛ ጥለው ሲሄዱ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። «እሑድ በሦስት ሰዓት ይምጡ» ብለው በልጅቷ በኩል ላኩ። ዳዊት ለእኛ ለሦስቱ ሽማግሌዎች ደውሎ እንደመንገር፣ መልእክቱን የስልኩ ረዳት እንዲጽፍለት አዘዘው። መልእክቱስ ማለፊያ ነበር፤ ሰላምታው፣ አክብሮቱ፣ ምርቃቱ ሳይቀር አለበት። መጨረሻው ላይ «እሑድ በ9 ሰዓት» ይላል። ዳዊት ሳያነበው ላከው።

እኛ ምን እናውቃለን? ዘጠኝ ሰዓት ያው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ምሳ ተበልቶ ጥቂት ጋደም የሚባልበት። አስቀድሰን፣ በልተን፣ ጋቢያችንን ደርበን በሚኒባስ አንኮበር ገባን። ዘጠኝ እንኳ ገና አልሞላም ነበርና፣ ለአንድ ቀን ቀጠሮ አክባሪ በመሆናችን ኮርተን ተያየን።

ጋሽ መኩሪያን ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ዘመድ ሰብስበው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁን ውለዋል። ከመዘዞ የመጣው ወንድማቸው መኪና ያመልጠኛል ብሎ ሄዷል። እናትየው ፊታችንን ለማየትም አልፈለጉ። ልጁ በእኔ ሽምግልና ሚስት ሊያጣ ነው።

እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁና መልእክቱን ለዚሁ ረዳት አሳይቼ፣ ይህ ዘጠኝ ከየት መጣ አልኩት። ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ማለት እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት! እስቲ እናንተ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ነግቶላችሁ ያውቃል? በእኛ አቆጣጠር እኮ ሦስት ነው ስለው፣ «ልክ ነዎት፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ወደ ሦስት መለሰው። ልፈትነው ብዬ፣ የለም ዘጠኝ ነው አልኩት። «ልክ ነዎት፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለና ወደ ዘጠኝ። አሥራ አንድ ብለውም ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው። መሳሳቱንስ ይሳሳት፤ ምናለ አንዴ እንኳ አላውቅም ቢል! ተናደድኩ። በእንዲህ ያለ ትሑት ላይ ደግሞ መጮህም ያሳፍራል።

ነገሩን ለጋሽ መኩሪያ ተቀባብለን አስረዳን። እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ለመሆኑ ልጄን የሚጠይቃት ልጁ ነው ወይስ ስልኩ?» አሉ።

ደግነቱ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልምና፣ የዛሬው መመለስ እንደ ወጉ ተቆጠረልን። ለሁለተኛው ቀጠሮ ግን ሰውየው ሰዓት የሚባል ነገር ከአፋቸው ሊያወጡ አልፈለጉም።

«በሳምንቱ እሑድ፣ ፀሐይ ይችን ደጃፍ ስትረግጥ ኑ» አሉ። «ይኸን ደግሞ ይተርጉመው።»

ብልሃታቸውን እያደነቅን ተሳፈርን። ትንሽ እንደሄድን ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመኪናውን መስኮት በጋቢው ጫፍ ጠረግ አድርጎ ወደ ውጭ አየ። ጭጋግ ነው። ስንመጣም ጭጋግ ነበር። በዚህ ወራት አንኮበር ላይ ፀሐይ ደጃፍ መርገጧ ቀርቶ ደጃፉም በወጉ አይታይ። ተማከርንና ቅዳሜ ሄደን እዚያው ልናድር ተስማማን።

ዳዊት ግን ጨንቆታል፤ ቀኑን ሙሉ እየደወለ፣ «ጋሼ፣ በስንት ሰዓት ነው የተባላችሁት?» ይለኛል።